«የሰፈሬን ሰው ባገኝስ?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ መጠጥ ከጻፍኩ ወዲህ ከወሎ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኛው ከሱስ ለመላቀቅ የሚረዳ የመደጋገፊያ ቡድን ስለማግኘት ነው። ጥቂቱን እነሆ።

ከደሴ፦ «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። ግን እዚህ ማን ማንን አያውቅም? ፒያሳ ላይ ሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። ቡድኑ ውስጥ የሰፈሬን ሰው ባገኝስ?»

እሱስ ምን ሊሠራ መጥቶ ነው? ወንድሜ፣ ያ ሰው ካንተ እኩል የሚፈራ ነው። አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን የጠጪዎች መደጋገፊያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች ነበሩ፤ አንዱ የአክሲዮን ደላላ፣ አንዱ ሐኪም። ከዚያ ጀምሮ ደንቡ አንድ ነው፤ እዚያ ያየኸውን ሰውና የሰማኸውን ነገር ውጭ አታወራም። የአባት ስምህን የሚጠይቅህ የለም። የአባልነት ክፍያ የለም። የሚፈለገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

ስብሰባው ሁለት ዓይነት ነው። ክፍት የሚባለው ላይ ቤተሰብም፣ ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ይገባል። ዝጉ ግን የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። እንዳንተ ላለው እኔ ዝጉን እመርጣለሁ። ስትገባ አንዱ አጭር ነገር ያነባል፣ ከዚያ በየተራ ይወራል። የሚያቋርጥህ የለም። ተራው ሲደርስህ «ዛሬ ልስማ» ብትል በቂ ነው። ያም ከከበደህ በስልክ የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ፤ ካሜራህን አጥፍተህ መግባት ትችላለህ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ጠይቅ፤ በአቅራቢያህ ቡድን መኖሩን ለማጣራት ጥሩ መነሻ ነው።

አንዱን አይተህ ካልጣመህ ሌላ ሞክር፤ ቡድን ከቡድን ይለያል። ገንዘብ ክፈል ብሎ የሚያስገድድህ፣ ዕቃ ግዛ የሚልህ ወይም ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ጣል የሚልህ ካጋጠመህ ግን ውልቅ በል።

ከኮምቦልቻ፦ «ባለቤቴ አልሄድም ብሏል። እኔ ብሄድለት ይጠቅማል?»

ለእሱ ሳይሆን ለራስሽ ሂጂ፣ እህቴ። አል-አኖን የሚባል የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር አለ፤ ከ1951 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኖረ ነው። ባልሽ ባይመጣም አንቺ መግባት ትችያለሽ። እስከዚያው አንድ ነገር አቁሚ፦ የዞረ ድምር ይዞት ሲቀር ለአለቃው ደውለሽ «አሞት ነው» ማለትሽን። ራሱ ይደውል።

ከወልዲያ፦ «ዕድሜዬ 52 ነው። ጠዋት ሁለት መለኪያ አረቄ ካልወሰድኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መፈረም እንኳ ያቅተኛል። ነገ አቁሜ ቡድን ልግባ?»

ጋሼ፣ እባክዎ በራስዎ ጊዜ ድንገት እንዳያቆሙ። ቡድኑ ይቆይና አስቀድመው ሐኪም ይዩ። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ቤት ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡና መጠኑን እየቀነሱ ያወጡዎታል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምራሉ።

ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። ሰው ግድግዳ ላይ ነፍሳት አየሁ ማለት ሲጀምር ቤተሰብ «ጋኔን ነው» ብሎ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን ማንም አልከለከለም። ግን በዚያ ሁኔታ የግሸንን ዳገት ልውጣ ማለት ለሕይወት ያሰጋል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቡድን፣ ግሸንንም ሲበረቱ ይሳለሙታል።

ከሐይቅ፦ «ሙስሊም ነኝ፣ ተደብቄ ነው የምጠጣው። ስብሰባው የክርስቲያን ነው ይባላል።»

አይደለም። አልኮሊክስ አኖኒመስ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር አልተያያዘም። አባላቱ የሚከተሏቸው አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ፈጣሪን ሲጠሩ «እኛ እንደተረዳነው» ይላሉ። አንተ አላህ ትላለህ፣ ጎንህ ያለው እግዚአብሔር ይላል። ለወሎ ሰው ይሄ ምን ይገርማል? ከፈጣሪ ጋር የማይያያዝ ከፈለግክ ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል አለ፤ በኢንተርኔት ይሰበሰባል። አንተ ላይ የሚከብደው መደበቁ ይመስለኛል። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ሲበዛበት የሚያይለት የለም። ለአንድ የምታምነው ሰው ዛሬውኑ ንገረው።

«ጠላም ይቆጠራል?»

ይቆጠራል። ማኅበር ላይ አልኮል የሌለበት ነገር ጠይቅ።

ከመርሳ፦ «እኛ ጋ ምንም ቡድን የለም።»

ሁለት ሰው ከሆናችሁ ይጀመራል፤ የአልኮሊክስ አኖኒመስ መሥራቾችም በሁለት ነው የጀመሩት። ወሎ ውስጥ ቅሬ (ዕድር) ሲቋቋም የማንን ፈቃድ ጠበቃችሁ? ቡድኑም እንደዚያው ነው፦ ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ቦታ፣ የማይቀር ሰው። ሰዓቱን ግሮሰሪው ሞቅ በሚልበት፣ ከምሽቱ 12 አካባቢ አድርጉት፤ እግር ወደዚያ የሚያዘነብለው ያኔ ነው። ጠላ ቤት አጠገብ ያለ ቤት አትምረጡ። የጤና ባለሙያ አንድ ቀን ጋብዙና መጠጥ በድንገት ማቆም ስላለው አደጋ ያስረዳችሁ። ሊቀመንበር አያስፈልግም፤ ቡናውን በየተራ ማፍላት ይበቃል።