ወተቱ የእሷ፣ መዝገቡ የእሱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የተመደብሽበት ወረዳ ያለው የወተት ማህበር ሴት አባላት አሉት፤ ግን ስብሰባ መጥተው ዝም ብለው ቁጭ ይሉና ይሄዳሉ ብለሻል። «ሴቶች በገጠር ህብረት ሥራ ማህበር ውስጥ የእውነት ሚናቸው ምንድን ነው? ተሳትፏቸው ከስም እንዲያልፍስ ምን ይደረግ?» ነው ያልሽው። እኔ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ፣ በአንድ የወተት ማህበር 6 ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሚናቸውን ማየት ከፈለግሽ ጠዋት 12 ሰዓት ወተት መረከቢያው በር ላይ ቁሚ። መሬቱ ገና ውርጭ ለብሷል። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ላሟን ያለበችው፣ በረቱን የጠረገችው፣ ኩበቱን የጠፈጠፈችው እሷ ናት። ወተት ውሃ እንደተጨመረበት የሚለካው ላክቶሜትር ወተቱ ውስጥ ሲነከር ትንፋሿን ይዛ የምታየውም እሷ ናት። «ውሃ አለው» ከተባለ ሰው ፊት የምታፍረው እሷ ናትና።

በየ15 ቀኑ ክፍያ ሲሆን ግን ሌላ ሰልፍ ታያለሽ። ወንዶች ብቻ ማለት ይቻላል። ማህበሩ ሲመሠረት የተመዘገበው አባወራው ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እማወራ ካልሆነች በቀር ሴት በራሷ ስም አልነበረችም። ይሄን ሕግ አላዘዘም። የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ ያቆማል፤ ለእያንዳንዱ አባልም አንድ ድምፅ ይሰጣል። «ከአንድ ቤት አንድ ሰው» የሚለው የኛው ልማድ ነበር።

ልማዱ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ድሮ ቅቤ የሴት ገንዘብ ነበር። ወተቱን ታጠራቅማለች፣ ትገፋለች፣ ቅቤውን ገበያ ታወጣለች። ጨውና በርበሬው፣ የልጅ ደብተሩ ከመቀነቷ ነበር የሚወጣው። ማህበሩ መጣና ወተቱ በጥሬው ተሸጠ። ገንዘቡም በአባሉ ስም ወጣ። ልማት ብለን ያመጣነው ነገር ሳናስበው መቀነቷን ባዶ አደረገው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቢሮዬ ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ባቄላ ዘረገፉ። «ቁጠረው ልጄ» አሉኝ። 47 ፍሬ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ላስረከቡት ለእያንዳንዱ ሊትር አንድ ባቄላ ያስቀምጣሉ። የኔ መዝገብ የሚለው 43 ነው። እኔ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? «አባሉ ባለቤትዎ ስለሆኑ እሳቸው መጥተው ያመልክቱ።» ሴትዮዋ አንድ ቃል አልመለሱም። ባቄላቸውን አንድ በአንድ ለቅመው ወጡ። ማታ መዝገቡን ከረካቢው ደረሰኝ ጋር ሳመሳክር የሁለት ቀን ወተት ዝቅ ተደርጎ ተጽፎ አገኘሁት። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በነጋታው ወረፋው ላይ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ገንዘቡም ተከፈለ፤ ግን ያው ለባልየው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ይዘን የተነሳነው። የመተዳደሪያ ደንቡ እንዲሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረብን። ሚስት የራሷን ዕጣ፣ ማለትም የማህበሩን ድርሻ፣ ገዝታ አባል ትሁን፣ የወተቱ ክፍያም ላስረከበው ሰው ይሁን አልን። «ቤት ልታፈርሱ ነው እንዴ?» ያሉን ብዙ ነበሩ። ያበረደልን የመሬት ደብተሩ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «መሬቱ በሁለታችን ስም ሆኖ ቤቴ አልፈረሰም፤ በወተት ነው የሚፈርሰው?» አሉ። ደንቡ አለፈ።

ዝምታቸው ግን በዚህ ብቻ አልተሰበረም። የኛ ጉባኤ ረፋድ ላይ ይጀመርና ሪፖርቱ ብቻ እስከ 8 ሰዓት ይሄድ ነበር። ምርጫው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ላም ሊያልቡ፣ እራት ሊሠሩ ሄደዋል። በሌሉበት ይመረጣል፣ ከዚያ «ሴቶች አይሳተፉም» ይባላል። ምርጫውን የመጀመሪያ አጀንዳ አደረግነው። በቃ። ባለባቄላዋ እናት በዚያው ዓመት ቁጥጥር ኮሚቴ ገቡ። የሚያነብላቸው ልጅ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሂሳቡን ግን እሳቸው ናቸው የያዙት። እመኚኝ፣ እንደሳቸው የተፈራ ተቆጣጣሪ አላየሁም።

የአብይ ጾሙ ነገርም አለ። 55 ቀን ወተት ፈላጊ የለውም። ወንዶቹ ኮሚቴዎች መረከቢያው ይዘጋ ይሉ ነበር። ሴቶቹ ኮሚቴ ከገቡ በኋላ «ለምን ይዘጋል? በየተራ እንግፋው» አሉ። አንድ ኪሎ ቅቤ እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ቀላል አይደለም። መግፊያውን በወይራ አጠኑ፣ ቅቤውን አወጡ፣ አሬራውን አይብ አደረጉት። ቅቤው ለፋሲካ ተቀመጠ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የቅቤ ዋጋ የት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። አባልነት ሥራ ይጨምራል። ቤት ውስጥ የሚያግዛት ከሌለ ማህበሩ ሸክም ነው የሚሆንባት። የጠዋቱ ወተት ሁሉ ለመረከቢያው ሲሄድ ልጆቹ ሳይጠጡ የሚውሉበትን ቤትም አይቻለሁ። የማታው ለቤት ይቅር ብለን የተነጋገርነው ለዚህ ነው።

አሁን አንቺ ከስልጠና አትጀምሪ። መጀመሪያ የባለፈውን ክፍያ ዝርዝር አውጪና ማን እንደፈረመ እዪ። ከዚያ አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ወረፋው ላይ ቁመሽ ወተቱን ማን እንዳመጣ መዝግቢ። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገሽ ለኮሚቴው አሳዪ። ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን፤ መልስሽን እጠብቃለሁ።