መልስ፦ ጆሮ ሲደክም ውድ ስፒከር ያዋጣል ወይ?
ጋሼ፣ «60 ዓመት አልፎኛል፤ ውድ ስፒከር ብገዛ ብሬን ውሃ በላው ማለት ነው?» ላሉት፦ ኧረ በፍጹም! ዕድሜ መጀመሪያ የሚነጥቀው በጣም ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ጤነኛ የልጅ ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ይሰማል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን የላይኛው፣ በጣም ቀጭኑ ክፍል ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ግን የፒያኖ የመጨረሻዋ ቀጭን ኖታ እንኳ 4,186 ኸርዝ ገደማ ናት። ማሲንቆውም ቤዙም የትም አልሄዱም።

ይልቅ ክፍሉን ይዩት። ወለሉ ባዶ ሊሾ ከሆነ ድምፁ ይንጫጫል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ሲያዳምጡ ቬንትሌተሩን ያጥፉ (ለድሬ ሙቀት ጨካኝ ምክር ነው፣ አውቃለሁ)። ትሬብሉን (የቀጭን ድምፁን መጠን) ትንሽ ከፍ ቢያደርጉ ችግር የለም፤ ቮልዩሙን ግን አይልቀቁት፣ የተረፈውንም ይጎዳል። አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ ከስፒከሩ በፊት ሐኪም ይየው። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።