ሥጋና የዶሮ ውጤት ወደ ውጭ ስለመላክ፦ ከወሎ አርቢዎችና ነጋዴዎች የቀረበ ጥያቄና መልስ

በወሎ የቁም እንስሳት ነጋዴዎች፣ አርቢዎችና የዶሮ እርባታ ባለቤቶች ዘንድ ሥጋ ወደ ዓረብ አገራት ስለመላክ ሰሞኑን ብዙ ወሬ ተነሥቷል። በመሆኑም በኤክስፖርት ቄራ የሥጋ ምርመራ ሐኪም ሆነው ያገለገሉትንና አሁን በኮምቦልቻ የሚኖሩትን አባላችንን ጥያቄ እንዲመልሱልን ጋብዘናቸዋል። ሌሎች አባላት ጣልቃ የገቡበት ቦታ እንዳለ ቀርቧል።

ነጋዴ፣ ከባቲ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሥጋ ወደ ውጭ ለመላክ ምን ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ጥያቄዎ በጣም ሰፊ ነው። አገሩን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ እንዲሁም ሥጋው ቀዝቅዞ ብቻ ወይም በረዶ ሆኖ ወይም በስሎ የሚሄድ መሆኑን ካልነገሩኝ የምሰጥዎ መልስ ገንዘብዎን ያስበላዎታል። ሆኖም ለሁሉም የሚሆነውን አንድ ጊዜ ልጻፈው። መጀመሪያ ገዢው አገር ያ ዓይነት ሥጋ ከኢትዮጵያ እንዲገባ የፈቀደ መሆን አለበት። ቀጥሎ፣ እንስሳው የሚታረድበት ቄራ በዚያ አገር ባለሥልጣን ተቀባይነት አግኝቶ በዝርዝር ውስጥ የገባ መሆን አለበት፤ ለሳዑዲ ዓረቢያ ይህን የሚያደርገው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ሲሆን፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴሩ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጭነት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የፈረመበትን የጤና የምስክር ወረቀት፣ የሃላል የምስክር ወረቀት፣ የተመረተበትን አገር ማረጋገጫ፣ የዋጋ ደረሰኝና የአየር ጭነት ሰነድ ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ካልተሟላ የቀሩት ወረቀቶች ዋጋ የላቸውም። ፈቃዱን ሳታረጋግጡ እንስሳ አትግዙ።

ወጣት ነጋዴ፣ ከወልድያ፦ እዚሁ በከተማው ቄራ አርደን በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ብናደርስስ?

መልስ፦ አይቻልም። የከተማ ቄራ የሚያርደው ለከተማው ነው። የኤክስፖርት ቄራዎቹ በአብዛኛው በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በባቱ ዙሪያ ናቸው። የራስህ ቄራ ከሌለህ ፈቃድ ካለው ቄራ ጋር ተዋውለህ በክፍያ ማሳረድ ትችል እንደሆነ ጠይቅ፤ ለጀማሪ የሚሻለው መንገድ እርሱ ነው።

አርቢ፣ ከወረኢሉ፦ ዶክተር፣ የእኛን በግ ለውጭ የሚሰበስቡት ነጋዴዎች «የደጋ በግ ሥጋው ይጠቁራል» እያሉ አይገዙንም። የቆላውን ግን ይሻማሉ። ይህ እውነት ነው ወይስ ዋጋ ለመስበር የተፈጠረ ነው?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

የቄራዎቹ ቅሬታ ፈጠራ አይደለም። የደጋ በግ ሥጋ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ከተሰቀለ በኋላ በተለይ በጎድንና በጭኑ ላይ እየጠቆረ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የዱባይ ገዢም እንዲህ ያለውን ሥጋ ያረጀ መስሎት ይመልሰዋል። እኔ የምከራከረው ስለ ምክንያቱ ነው። በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። ከታረደ በኋላ ይህ ክምችት ወደ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ7 አካባቢ ተነሥቶ ወደ 5.5 ወይም 5.7 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሥጋው ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቆያል። እንስሳው ተርቦ፣ ደንግጦና ተደብድቦ ከመጣ ግን ስኳሩ ገና በቁሙ ሳለ ያልቃል፤ አሲዱ ስለማይፈጠርም ፒ ኤቹ ከ6.0 በላይ ይቀራል፣ ሥጋውም ጠቋራ፣ ደረቅና ሲነካ የሚያጣብቅ ይሆናል፣ ቶሎም ይበላሻል።

እንግዲህ የእናንተን በግ መንገድ ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ወይም ሁለት ተገዝቶ በእግሩ ወደ ገበያ ይነዳል፣ ካልተሸጠ ወደ ሌላ ገበያ ይዞራል፣ ከማያውቃቸው በጎች ጋር ተቀላቅሎ ሲዋጋ ይውላል፣ ማታ በጸጉሩ ተይዞ አይሱዙ ላይ ይወረወራል፣ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ቄራ ሲደርስ በዚያው ዕለት ይታረዳል። በጸጉሩ የተያዘበት ቦታ ቆዳው ሲገፈፍ ደም እንደቋጠረ ይታያል፤ መርማሪውም ያን በቢላዋ ቆርጦ ይጥለዋል። ውኃና ድርቆሽ ተሰጥቶት አንድ ሌሊት ማደሩ ይጠቅመዋል፣ ነገር ግን የተሟጠጠው ክምችት በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ የሚያመሰኳ እንስሳ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ «የደጋ በግ ይጠቁራል» ከማለት «የተንገላታ በግ ይጠቁራል» ማለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ነጋዴ፣ ከባቲ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶክተር፣ የአፋር ፍየልም እኮ በዚያው አይሱዙ ነው የሚሄደው። እርሱ ለምን አይጠቁርም?

አርቢ፣ ከወረኢሉ፦ የእናንተ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ተገዝቶ በቀጥታ ይጫናል። የእኛ በደላላ እጅ ስንት ገበያ እንደሚዞር ታውቃለህ።

ነጋዴ፣ ከባቲ፦ ደላላው የማን ነው? ከእናንተው መንደር የተነሣ አይደለም እንዴ?

ሌላ አባል፣ ከከሚሴ፦ የደላላን ነገር ከጀመራችሁማ ዛሬ አንጨርስም። የጨፋን ከብት ዋጋ የሚቆርጠውም እርሱ ነው።

መልስ፦ የደላላውን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆዩት። የባቲው ወንድሜ ያነሡት ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። የቆላው ፍየል ከአንድ መንጋ በብዛት ስለሚገዛ አብሮ ያደገ ነው፣ ረጅም መንገድና ሙቀት ለምዷል፣ ከመጫኑ በፊትም ብዙ ገበያ አይዞርም። የዝርያው ልዩነት ምንም ድርሻ የለውም አልልም። ሆኖም ከወረኢሉ በጎች የተወሰኑትን ለይቶ ሳይቀላቅል ያጓጓዘና በማረፊያ በረት በቂ ቀን ያሳረፈ ነጋዴ በፒ ኤች መለኪያ ፊት የሚከራከርበት ነገር ይኖረዋል። መለኪያ ሳይዝ የሚከራከር በዋጋው ይሸነፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓረብ ገበያ በአብዛኛው የሚፈልገው ያልተኮላሸ፣ ስብ ያልበዛበት ወጠጤና ጠቦት ነው። ለፋሲካና ለዒድ የምታደልቡት ሙክት በደሴ ገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ለኤክስፖርት ግን ስቡ ይበዛል። «ያደለብኩት ሙክት ተመለሰብኝ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ጀማሪ፣ ከመርሳ፦ ሰላም ዶክተር። ሥጋ ኤክስፖርት ለማድረግ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለባቲው ወንድም የመለስኩትን አንብብ። አንብበህ ያልገባህ ነገር ካለ ያንን ለይተህ ጠይቀኝ። አሁንም እላለሁ፤ ፈቃዱን ሳታረጋግጡ እንስሳ አትግዙ።

የዶሮ እርባታ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ፦ የሥጋ ዶሮ አረባለሁ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ትርፉን ወደ ጂቡቲ ወይም ወደ ዓረብ አገር መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን ባለው ሁኔታ አልመክርሽም። የዶሮ ሥጋ ላኪ ለመሆን ዶሮው በማሽን የሚታረድበት፣ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የሚነጭበትና በፍጥነት ወደ 4 ዲግሪ የሚወርድበት ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካውም በገዢው አገር የተመዘገበ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የበሽታው ጉዳይ አለ። ፈንግል በአገራችን በየመንደሩ አለ። ስለ አእዋፍ ኢንፍሉዌንዛም ገዢው አገር አካባቢው ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ሳልሞኔላ አለመኖሩም በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ይህን ሁሉ አልፈሽ ስትደርሺ እዚያ የሚጠብቅሽ የብራዚል ዶሮ ነው፤ ብራዚል በዓለም ትልቋ የዶሮ ሥጋ ላኪ ስትሆን ለሃላል ገበያም በብዛት ታቀርባለች። የደሴና የኮምቦልቻ ሆቴሎች ግን በየሳምንቱ እኩል ክብደት ያለው ንጹሕ ዶሮ የሚያቀርብላቸው ሰው አላገኙም። ክትባቱን በጊዜው ስጪ፣ መዝገብ ያዢ፤ አንድ ቀን በር ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገብ ነው።

አንዲት እናት፣ ከሐይቅ፦ ልጄ ዋሽንግተን ናት። ቋንጣና ዶሮ ወጥ አድርጌ ሰው ቢይዝላትስ?

መልስ፦ አይላኩ እማማ። አፍተግር (የከብትን አፍና እግር የሚያቆስለው በሽታ) ካለበት አገር የሚመጣን ሥጋ አሜሪካ በመንገደኛ ሻንጣም አታስገባም፣ አውሮፓም እንዲሁ። ሥጋ መያዙን ያልተናገረ መንገደኛ ከተያዘ ይቀጣል። በርበሬና ሽሮ ይላኩላት።

መምህር፣ ከደሴ፦ አፍተግርን ካነሡ ዘንድ፣ ወደ አውሮፓ ሥጋ መላክ የማንችለው በእርሱ ብቻ ነው?

መልስ፦ ዋናው እርሱ ነው፣ ብቻውን ግን አይደለም። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ ትልቅ እንቅፋት ተወግዷል። አፍተግርና በበግና በፍየል ላይ የሚከሰተው ደስታ መሰል በሽታ ግን አሁንም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የሚቀበላቸውን አገሮች በዝርዝር ያወጣል፤ ኢትዮጵያ በትኩስ ሥጋ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ከበሽታው በተጨማሪ የመድኃኒት ቅሪት ቁጥጥር ዕቅድም ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ በር አለ። መቀመጫውን በፓሪስ ያደረገው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ አፍተግር ካለበት አገርም ቢሆን ቫይረሱን የሚገድል ሂደት ያለፈ ሥጋ ለንግድ ሊውል እንደሚችል ይደነግጋል። ለምሳሌ አጥንትና ስብ የወጣለት ሥጋ ውስጡ 70 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከበሰለ፣ ወይም በቆርቆሮ ታሽጎ በተወሰነው ሙቀት ከተቀቀለ ቫይረሱ እንደጠፋ ይቆጠራል። የእኔ ሐሳብ ወደዚህ ያዘነብላል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም አላት፤ በአውሮፕላን ቀዝቃዛ ሥጋ ከመላክ ይልቅ በመርከብ የሚሄድ የበሰለ ሥጋ ማምረት ለእርሷ ሳይስማማት አይቀርም። እርግጥ ገዢው አገር አስቀድሞ ካልፈቀደ ይህም ከንቱ ነው።

ነጋዴ፣ ከቆቦ፦ ኤል ሲ (ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ይሻላል ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? የውጭ ምንዛሪውስ ምን ያህሉ ለእኛ ይቀራል?

መልስ፦ ባንክዎን ይጠይቁ፤ መመሪያው በየጊዜው ይለወጣል፣ የእኔም ሙያ አይደለም።

ነጋዴ፣ ከባቲ፦ እኔ የምለው፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ትተን በቁሙ በሚሌ በኩል ብናወጣውስ?

ሌላ አባል፣ ከከሚሴ፦ በሚሌ ወይስ በሌሊት በበረሃው?

ነጋዴ፣ ከባቲ፦ እኔ ሕጋዊውን ነው ያልኩት። ስሜን አታጥፋ።

መልስ፦ በኮንትሮባንድ ስለሚወጣው አልነጋገርም። በሕጋዊው መንገድ የሚላክ የቁም እንስሳ በኳራንቲን ቆይቶ፣ ደሙ ተመርምሮና ክትባት ተሰጥቶት ይወጣል፤ የሚሌው ማቆያ ለዚሁ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት ሳዑዲ በዚያው መስከረም ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ እንደዘጋችና ስንት ነጋዴ ከብቱን ይዞ እንደቀረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በር በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ፈቃዱን ሳታረጋግጡ አትግዙ የምለው ለቁም እንስሳም ነው።

አርቢ፣ ከተንታ፦ በጌ ሲያስል የሰፈር መድኃኒት ቤት መርፌ እንወጋዋለን። በስንት ቀን ልሸጠው?

መልስ፦ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠበቂያ ጊዜ ያንብቡ። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ኦክሲቴትራሳይክሊን በአንዳንዱ ጠርሙስ ላይ እስከ 28 ቀን ይላል። ቀኑን መዝግበው ይያዙ፣ ለገዢውም ይንገሩ። በሥጋው ውስጥ ቅሪት ከተገኘ የሚቀጣው እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ቄራው ከዝርዝር ሊሰረዝ ይችላል።

ሸህ፣ ከኮምቦልቻ፦ አራጁ ከእኛ ሰፈር ቢሆን፣ ዱዓውን እያደረገ ቢያርድ በቂ አይደለም?

መልስ፦ ለሰፈራችን በቂ ነው ሸህ። ለኤክስፖርት ግን የሃላል የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው፤ አራጁም በቄራው የታወቀና የጤና ምርመራ ያደረገ መሆን አለበት።

ወጣት ነጋዴ፣ ከወልድያ፦ አሁን ለይቼ ልጠይቅ። ወደ ዱባይ፣ የቀዘቀዘ የፍየል ሥጋ፣ በቢሾፍቱ ቄራ ታርዶ። ሲጫን ምን ላይ ልቁም?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሙሉው ሥጋ ከማቀዝቀዣ ክፍል ሲወጣ የላዩን ቅዝቃዜ በእጅ ነክተህ አትመን። የሚወጋውን ቴርሞሜትር ከጭኑ ወፍራም ቦታ አጥንቱ አጠገብ እስኪደርስ አስገባና ቁጥሩ ሲረጋ አንብብ፤ ከ7 ዲግሪ በላይ ከሆነ አይጫን፣ ውልህ ከ0 እስከ 4 የሚል ከሆነም ውሉን ተከተል። በሌላ በኩል ቸኩለህ አታቀዝቅዘው። ፍየላችን ትንሽና ቀጭን፣ ስቡም ጥቂት ስለሆነ፣ ከታረደ በ10 ሰዓት ውስጥ ሥጋው ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ይኮማተርና ሲበላ እንደ ጠፍር ይሆናል። ከዚያም የጨርቅ ሽፋኑ ንጹሕና ደረቅ መሆኑን፣ ማኅተሙ በግልጽ መነበቡን፣ በጤና የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የሥጋ ብዛትና ክብደት ከጭነቱ ጋር አንድ መሆኑን ተመልከት። ወረቀቱ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት መፈረም አለበት። በቦሌ አስፋልት ላይ በፀሐይ የሚቆምበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉም ያሰጋኛልና፣ መኪናው ከአውሮፕላኑ ሰዓት ጋር ተያይዞ እንዲደርስ አድርግ፤ ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያም በጭነቱ መሐል አስቀምጥ። ገዢው «ሞቆ ደረሰ» ቢልህ የምትከራከርበት ማስረጃ ከእርሱ ሌላ የለህም።