የዋርሀመር ደንብ መጽሐፍ 12 ሺህ ብር ያወጣል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ይህንን ነው፦ «እዚህ ጅማ አምስት ሆነን ዋርሀመር 40,000 የሚባለውን፣ በትንንሽ የወታደር ቅርጾችና በዳይስ ጠረጴዛ ላይ የሚካሄደውን የጦርነት ጨዋታ ልንጀምር ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወፍራሙን የደንብ መጽሐፍ በ12 ሺህ ብር አመጣላችኋለሁ ብሎናል። ውስጡ ምንድን ነው ያለው? ለአምስት ብናዋጣ ያዋጣናል?» መልሴ፦ አሁን አትግዙት። ምክንያቱንና ብሩ የት ቢውል እንደሚሻል ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት ሰውየውን ስንተኛ እትም እንደሆነ ጠይቁት። 8ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2017፣ 9ኛው በ2020፣ 10ኛው በ2023 ነው የወጣው። በየሦስት ዓመቱ ማለት ነው። የሚያመጣላችሁ የ10ኛው ከሆነ 2023 ላይ ሦስት ደምሩና ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ራሳችሁ አስሉት። አዲስ እትም ሲመጣ ከአሮጌው መጽሐፍ የሚተርፈው ታሪኩና ሥዕሉ ነው፣ ደንቡ ይሽራል። ሻጭ «አዲስ ነው» ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ማለቱ ያልተከፈተ ነው እንጂ የቅርብ እትም ነው ማለቱ አይደለም። የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ሽፋኑ ብቻ አይበቃም።

ወደ ውስጡ ስንመጣ፣ የ10ኛው እትም መጽሐፍ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የጨዋታው ዓለም ታሪክ፣ የሠራዊቶቹ መግቢያና የተቀቡ ሚኒያቸሮች (የትንንሾቹ የወታደር ቅርጾች) ፎቶ ነው። ቀጥሎ ዋናው ደንብ አለ፣ ኮምባት ፓትሮል የሚባለው አነስተኛ ጨዋታ አለ፣ ክሩሴድም አለ። ዋናው ደንብ ወደ 60 ገጽ ሲሆን አሳታሚው ራሱ በነጻ ፒዲኤፍ አውጥቶታል፤ አንድ መጫወቻ ተልእኮም አብሮ አለበት። ነጻው ላይ የማታገኙት ዋና ነገር ክሩሴድ ነው፤ ወታደሮቻችሁ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ልምድና ጠባሳ እያካበቱ የሚሄዱበት፣ ወራት የሚፈጅ ዘመቻ። አምስታችሁም ይህንን ልትጫወቱ ከቆረጣችሁ መጽሐፉ ዋጋ አለው፣ ያኔም አንድ ቅጂ ለሁላችሁ ይበቃል።

ጀማሪን የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነው። ወፍራሙ መጽሐፍ ውስጥ የሠራዊታችሁ መረጃ የለም። ወታደሩ ስንት ኢንች እንደሚሄድ፣ መሣሪያው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚገኘው ኮዴክስ በሚባለው የየሠራዊቱ መጽሐፍ ነው፣ እሱም ለብቻው ይሸጣል። 10ኛው እትም ሲጀመር የሁሉም ሠራዊት መረጃ በነጻ ተለቆ ነበር፤ ኋላ ግን የአንድ ሠራዊት ኮዴክስ በወጣ ቁጥር የዚያ ሠራዊት ነጻ ፋይል ይነሳል። ኮዴክሱ ውስጥ ደግሞ የዚያን ሠራዊት መረጃ በጨዋታው የስልክ አፕ ላይ የሚከፍት ኮድ አለ፣ የሚሠራውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያገለገለ ኮዴክስ ስትገዙ ኮዱ ተፋቆ እንደሆነ እዩ፤ ከተፋቀ ዋጋውን አስቀንሱ። የነጥብ ዋጋ (ሠራዊት ሲመረጥ ለወታደሮቹ የሚቆጠረው) እና የደንብ እርማት በየጊዜው በነጻ ፒዲኤፍ ስለሚወጣ ለዚያ ብላችሁ ምንም አትክፈሉ።

ስለዚህ በኮምባት ፓትሮል ጀምሩ። በዚህ ስም ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ የሚኒያቸር ሳጥን የተወሰነ መረጃ ተዘጋጅቶለታል፣ ያም በነጻ ይወርዳል፤ ነጥብ መደመር የለም። ደንቡን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በጥቁርና ነጭ፣ በቡክሌት መልክ አሳትሙት፦ 60 ገጽ በአራት ሲካፈል 15 ወረቀት ብቻ ነው። የገጽ ብዛቱ ለአራት ካልተካፈለ መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ ጨምሩ፣ አለዚያ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። የተልእኮውን ገጽ ለብቻ ላሚኔት አስደርጉት፣ ከሁሉ በላይ እጅ የሚነካው እሱ ነው።

አሁን ብሩ ወደሚውልበት። ኮምባት ፓትሮል 44 በ30 ኢንች ሜዳ ይፈልጋል፣ 112 በ76 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ባለ 2,000 ነጥቡ ትልቁ ጨዋታ 44 በ60 ኢንች ነው፤ ሁለቱን ትንንሽ ሜዳዎች ጎን ለጎን ስትገጥሟቸው ልክ ይመጣል። ጅማ አናጺ አይቸግርም። 122 በ244 የሆነ ባለ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ገዝታችሁ ርዝመቱን በየ76 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ቦታ አስቆርጡት፣ የጎኑንም 112 ላይ አስከርክሙ። ሦስት ሜዳ ይወጣላችኋል፤ አራታችሁ በሁለቱ ላይ ስትጫወቱ አምስተኛው ደንብ እያነበበ ይዳኛል፣ ሦስተኛው ሜዳ ቀለም መቀቢያ ይሆናል። ከሥሩ ዙሪያውን በቀጭን ሞራሌ አስመቱት። ቀለሙን በሁለቱም ፊት ቀቡት። ላይ ላዩን ብቻ ከተቀባ ያልተቀባው ፊት በክረምት እርጥበት ይጠጣና እንጨቱ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ሚኒያቸር አይቆምበትም።

ከቁራጩ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ርዝመት ይተርፋል፤ አትጣሉት። በ15 በ15 ሲቆረጥ ስምንት ግድግዳ ይሆናል፣ ሁለት ሁለቱን በማዕዘን ስታጣብቁ አራት ፍርስራሽ ቤት። ለአንድ ትንሽ ሜዳ ከሌላ ቁሳቁስ ሦስት አራት ጨምሩበት። እይታ የሚከልል ነገር ካነሰ ቀድሞ የተኮሰው ጨዋታውን በሁለተኛው ዙር ይጨርሰዋል፣ ጀማሪም ጥፋቱ የደንቡ ይመስለዋል። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም የምትጠቀሙ ከሆነ ስፕሬይ በቀጥታ አትርጩበት፣ ያቀልጠዋል፤ መጀመሪያ በነጭ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ሸፍኑት። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ዝናብ እንዳባራ ስፕሬይ አትርጩ፣ ሚኒያቸሩ ላይ አቧራ የመሰለ ሻካራ ነገር ይይዛል።

ለመሬቱ የቡና አተላ የሚያህል የለም፣ ጅማ ደግሞ በየቤቱ አለ። የደረቀ አፈር ይመስላል፣ ኮላም ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። ችግሩ ሻጋታ ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀ የሚመስለው አተላ ውስጡ እርጥብ ነው፣ በኮላ ከታሸገ በሳምንቱ ነጭ ጸጉር ያወጣል። በትንሽ እሳት ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ እንፋሎቱ እስኪጠፋ አምሱት፤ በጣት ስታሹት እንደ አሸዋ ሲፈስስ ደርሷል። ለጊዜው ሚኒያቸር ላነሰው ሰው ቆርኪ ይሠራል፦ ስፋቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 32 ሚሊ ሜትር ክብ ካርቶን ከላዩ ሲለጠፍበት ትክክለኛ መቆሚያ ይሆናል።

መለኪያው በኢንች ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ፤ በአንዱ ፊት 150 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች አለው፣ ከትልቁ ሜዳ ርዝመት ጋር እኩል። የቆየ ከሆነ ስለሚለጠጥ በብረት ማስመሪያ አመሳክሩት። ዳይስ ባለ ስድስት ገጽ ነው፣ ለአንድ ሰው 20 ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ጭቅጭቅ የሚነሳው ማቁሰል ላይ ነው፤ ምቱ ማቁሰሉን ለማወቅ ዳይስ ይጣላል። የመሣሪያው ጉልበት ከተመቺው ጽናት ጋር እኩል ሲሆን 4 እና ከዚያ በላይ፣ ሲበልጥ 3፣ ሲያንስ 5 ያስፈልጋል። 2 የሚበቃው ጉልበቱ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ሲሆን ደግሞ 6 ብቻ። ጉልበት 7 ጽናት 4ን ሲመታ ብዙ ሰው 2 ይላል፤ ስህተት ነው፣ እጥፉ 8 ስለሆነ 3 ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሜዳው ጠርዝ ላይ ለጥፉት። ሌላው የሚረሳው የአንድ ዩኒት (አብሮ የሚንቀሳቀስ ቡድን) አባል እያንዳንዱ ቢያንስ ከአንድ ጓደኛው ከ2 ኢንች በላይ መራቅ እንደሌለበት ነው፤ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆኑ እያንዳንዱ ቢያንስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እንዲሁ መቀራረብ አለበት።

አምስት ስድስት ጊዜ ከተጫወታችሁ በኋላ ዘመቻ ካማራችሁ ያኔ በየሰው 2,400 ብር አዋጡ፣ የቅርቡን እትም ግዙ። እስከዚያው የትኞቹን ሳጥኖች ለማስመጣት እንዳሰባችሁ ጻፍልኝ፤ እርስ በርስ የሚመጣጠኑትን እነግራችኋለሁ።