ያቺን ነጻ ቅዳሜ ለብስክሌት ስጧት

ውድ ልጆቼ፣

ለትምህርትም ሆነ ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ስትሄዱ በመሐል አንዲት ነጻ ቅዳሜ አትጠፋም። ያቺን ቅዳሜ ምን እንደሚበላት አውቃለሁ፤ ለእናት ጫማ፣ ለእህት ሽቶ፣ ለጎረቤት ልጅ ቸኮሌት ሲፈለግ ይመሻል። ባዶ እጅ መግባት ስለማይሆንላችሁ ስጦታው ይገዛ፤ ከሥልጠና ስትወጡ በአንዱ ምሽት ጨርሱት። ቅዳሜን ግን ከጓደኛ ጋር ብስክሌት ላይ ዋሉ። ከተቻለ ጓደኛችሁ ሙያው ከእናንተ የተለየ ይሁን።

ይህን የምላችሁ የፈረንሳይዋን ከተማ ሊዮንን እንዲህ አድርጌ ስላየኋት ነው። እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። አብሮኝ የዞረው ወዳጄ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ ነው፤ ያደገው ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ አባቱ አጠገብ ነው።

የኪራይ ብስክሌቱ ቬሎቭ ይባላል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከፓሪሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ከአንዱ ጣቢያ ታነሳላችሁ፣ ሌላው ጣቢያ ትመልሳላችሁ። ኮርቻው ወደ ኋላ የዞረ ብስክሌት ካያችሁ እለፉት፤ ቀድሞ የሞከረው ሰው ብልሽት ሲያገኝበት ለሚቀጥለው የሚተወው ምልክት ነው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ማሰብ ደስ ይላል። ጎማና ፍሬኑን ግን ራሳችሁ ሞክሩ።

ጠዋት ጉልበት ሳለ ክሯ-ሩስን ውጡ። ከወንዙ ሰማንያ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ኮረብታ ነው። የከተማው ሰዎች ባሲሊካው፣ ማለትም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ያለበትን ፉርቪየርን የሚጸልየው ኮረብታ፣ ክሯ-ሩስን የሚሠራው ኮረብታ ይሏቸዋል። ዳገቱ ሲበረታ ወርደን ብስክሌቱን እየገፋን ወጣን። እኔ የመንገዱን ተዳፋት ስገምት ወዳጄ ቀና ብሎ መስኮቶቹን ያያል። «ይሄ ሁሉ ቁመት ለመኖሪያ ቤት ምን ያደርጋል?» አለኝ።

መልሱን ያገኘነው ሜዞን ዴ ካኑ የሚባለው የሽመና ሙዚየም ውስጥ ነው። ካኑ የሚባሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐር ሸማኔዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም የሚኖሩትም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የሊዮን ተወላጁ ዣካር በ1804 የሠራው መሣሪያ ከሽመናው ዕቃ አናት ላይ ስለሚሰቀል ጣሪያው ወደ አራት ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት። ቤተሰቡ የሚተኛው በዚያው ክፍል በእንጨት ቆጥ ላይ ነው። መሣሪያው የተበሱ ካርቶኖችን ተከትሎ የትኛው የድር ክር እንደሚነሳ ይለያል፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ይልካል፣ ጥለቱ በየመስመሩ ይወጣል። ወዳጄ ሥራው ሲታይ አንገቱን አስግጎ ቀረ። «እዚህ ካርቶኑ ነው የሚለቅመው፤ አባቴ ጥለቱን በጣታቸው ነበር የሚለቅሙት» አለ። ከዚያ የሒሳብ ሰውነቱ መጣ። ክሩ የማን ነው? ዕቃውስ? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ሐሩን የሚሰጠው ነጋዴው ነው፤ የሽመና ዕቃው የሸማኔው ነው፤ ክፍያው በተሠራው ልክ ነው። በኅዳር 1831 ሸማኔዎቹ ጥቁር ባንዲራ ይዘው የተነሱት በዚሁ ዋጋ ነው፤ የተስማሙበትን ዝቅተኛ ታሪፍ ብዙ ነጋዴዎች አንከፍልም ስላሉ። ወዳጄ ይህንን ሲሰማ ስለ አባቱና ክር ስለሚያስረክቧቸው ነጋዴ ያወራኝ ነገር ነበር፤ ብዙ ዘመን ስንተዋወቅ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ብቻዬን ብሆን በዚያ በር አልፌ ወደ ወንዙ እወርድ ነበር።

ስትወርዱ ትራቡል የሚባሉትን፣ በሕንፃዎች ሆድ ውስጥ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች እዩ። ብስክሌቱን ጣቢያ መልሳችሁ በእግር፣ ድምፅ ቀንሳችሁ ግቡ፤ ሰው ይኖርባቸዋል።

ከኮረብታው ሥር ደግሞ ለእኔ ሙያ ትልቅ ትምህርት ያለበት ዋሻ አለ። ለመኪናው ዋሻ የአደጋ ማምለጫ መቆፈር ግድ ሲሆን፣ ከተማው ማምለጫውን ለብስክሌት፣ ለእግረኛና ለአውቶቡስ መተላለፊያ እንዲሆን አድርጎ ሠራው። በታኅሣሥ 2013 የተከፈተ ነው፤ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በአንድ ወጪ ሁለት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በዚያ አንዴ ማለፍ ይበቃል።

ከዚያ የሮን ወንዝን ምሥራቅ ዳር ይዛችሁ ወደ ደቡብ ንዱ። እስከ ዠርላን ሰፈር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሣር፣ ደረጃና ልጆች የሞሉት ይህ ዳር እስከ 2007ቱ ግንባታ ድረስ በአብዛኛው የመኪና ማቆሚያ ነበር። በከተማ ፕላን ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ መጥቷልና፣ ሊዮን ውስጥ የቀለሙን ውበት ትታችሁ መስቀለኛ መንገዶቹን አጥኑ። መንገዱ መገናኛው ላይ ይቋረጣል ወይስ ይሻገራል? የጠርዙ ድንጋይ ምን ያህል ዝቅ ብሏል? ብስክሌተኛው የሚቆመው ከመኪናው ፊት ነው ወይስ ጎን? ቀጥ ያለውን መንገድ ማንም ይሠራዋል፤ ሰው የሚጎዳው መገናኛው ላይ ነው።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። የትራም ሐዲድን በአግድሙ ቀጥ አድርጋችሁ ተሻገሩ፤ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ከገባ ያነጥፋችኋል። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት በፈረንሳይ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው፤ ለእናት ጫማ የታሰበው ገንዘብ እዚያ ይቀራል። ከሁለታችሁ ቀስ የሚለው ፊት ይሁን፣ ሌላው ይከተለው።

ዠርላን ስትደርሱ የሬሞን ባር ድልድይ አለ። ትራም፣ ብስክሌትና እግረኛ ብቻ ነው የሚያልፍበት፣ መኪና አይገባም። ማዶው ሁለቱ ወንዞች፣ ሮንና ሶን፣ የሚገናኙበት ጫፍ ነው። እዚያ ቆመን አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ድልድይ ቢሠራ የት ይሁን ብለን ተከራከርን። ወዳጄ ቀበና ላይ ይላል፣ እኔ ግንፍሌ ላይ እላለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም። ስትመለሱ የእናንተን ንገሩን።