የአባባ ዕድሜና የእብነበረዱ ስህተት

አዳማ ያለውን የአያቴን መቃብር ያሰራሁት እኔ ነኝ። ብሩን ከውጭ ላክኩ፣ እብነበረዱን በፎቶ መረጥኩ። የትውልድ ዓመታቸውን እጄ ላይ ከነበረ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ወረቀት ገለበጥኩ፤ 1918። የሞቱበትን ዓመት ደግሞ እዚያ ያሉ ዘመዶች በእኛ አቆጣጠር ሰጡ፤ 1977። እንደዚያው ተቀረጸ። ድንጋዩን የሚያነብ ሰው አባባ በ59 ዓመታቸው ያረፉ ይመስለዋል። ያረፉት በ67 ነው። እኔ ጉዱን ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ሄጄ ፊቱ ስቆም ነው።

እና ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለእብነበረድ አትቸኩሉ። እሱ የዛሬ አሥር ዓመትም ይሰራል። አያታችሁን የሚያውቁ ሰዎች ግን አሥር ዓመት አይጠብቋችሁም። ለእረፍት ስትገቡ መጀመሪያ የእነሱን ድምፅ ቅዱ።

አጠያየቅ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የሰፈራችንን አንዲት እናት «እስቲ ስለ አባባ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ። አለቀ። በማግስቱ ተመልሼ «ደሞዝ የተቀበሉ ቀን ምን ይዘው ይመጡ ነበር?» ስላቸው ሳቁ። «መጀመሪያ የብስክሌታቸው ደወል ነው የሚሰማው። እናትህ መታጠፊያው ላይ ትጠብቃቸውና ብረቱ ላይ ቁጭ ትላለች። ከኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥጋ ታስሯል። ደግሞ ጥሬ አይነኩም፣ ጥብስ ነው!» እናቴ እንኳ ይህንን ነግራኝ አታውቅም።

ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ ጠይቁ። መንገድ ዳር ከሆነ የባጃጁ ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል፤ ጓሮ ይሻላል። በኦሮምኛ ማውራት የሚቀላቸው ከሆነ በኦሮምኛ ያውሩ። የሚተረጉም አይጠፋም።

ዓመት ስትጠይቁ በቁጥር አትጠብቁ። «ወንጂ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር»፣ «ቆቃ ሲገደብ»፣ «ትርፍ ቤት ሲወረስ» ነው የሚሏችሁ። እሱን ወደ ቁጥር መቀየር የእናንተ ሥራ ነው። ሆላንዶቹ ያቋቋሙት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። የቆቃ ግድብ 1952 ዓ.ም፣ የትርፍ ቤት አዋጅ 1967 ዓ.ም። አያቴ ወንጂ የተቀጠሩት ፋብሪካው ገና አዲስ እያለ ነው ተባልኩ። ያኔ ልጅ እግር ሳይሆኑ 36 የሞላቸው የቤተሰብ ኃላፊ ነበሩ ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ ባለው ዓመት ቢሰላ 28 ይሆኑ ነበር። የሰው ታሪክ እንዲህ ነው የሚዛባው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» ብላችሁ ጻፉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት ነው።

ፎቶዎቹን ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ይቀመጡ። ጥላ ሥር አውጥታችሁ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሷቸው። ከጀርባቸው የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ ቀስ ብላችሁ፣ ወረቀቱ እንዳይጎዳ። ሰው ስሙን ሲረሳ ፎቶው የማንም ፎቶ ይሆናል።

የቀዳችሁትን ደግሞ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። በደርግ ጊዜ ውጭ ላለ ዘመድ ድምፅ በካሴት ተቀድቶ በሰው እጅ ይላክ ነበር። አባባም ለአጎቴ ልከው ነበር። ካሴቱን ሳገኘው አንዱ የሰርግ ዘፈን ቀድቶበታል። ከዘፈኑ በፊት ጥቂት ሴኮንድ ተርፏል። አንዴ ያስላሉ፣ ከዚያ «ይሰማል?» ይላሉ። ያለኝ ድምፃቸው ይኸው ነው። አሁን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱ አዳማ፣ እናቴ ስልክ ላይ።