ሌዘራችሁ አልበራ ላላችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለፍቼ ሌዘሬ አልበራ አለኝ፤ የምርምር ርዕስ ልቀይር?» ብላ ጻፈችልኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ አንድ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ቪክሰል እንሠራ ነበር። ቪክሰል ብርሃኑን በቺፑ ጠርዝ ሳይሆን ከፊቱ ሽቅብ የሚያወጣ ሌዘር ነው። ዌፈሩ፣ ማለትም ቺፖቹ የሚሠሩበት ስስ ሳህን፣ ሳይቆራረጥ በላዩ ያሉትን ሺዎች ሌዘሮች እዚያው መፈተሽ ይቻላል፤ ጨረሩም ክብ ስለሆነ ፋይበር ውስጥ፣ ብርሃን በሚያስተላልፈው ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ፣ በቀላሉ ይገባል። ጣጣው ምድጃው ላይ ነው። አሉሚኒየም የበዛበትን ስስ ንብርብር ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በእንፋሎት፣ ከዳር ወደ መሃል ኦክሳይድ እናደርገዋለን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር አዋህደን ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ እናደርገዋለን፤ መሃሉ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ክፍተት መቅረት አለበት፤ ትንሽ ካለፈ ግን ይደፈንና ሌዘሩ ጭራሽ አይበራም። ምድጃውን የሚይዙት አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ነበሩ። የተበላሸውን ዌፈር ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ሙቀቱን፣ ደቂቃውን፣ የእንፋሎቱን ፍሰት፣ ሁሉንም በእጃቸው። እኛ ወጣቶቹ ዓይናችን የበራው ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ የቴሌኮም ገበያው ወደቀ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ማሽኖቹ ተሸጡ፣ የእሳቸው ደብተሮች ከቆሻሻ ጋር ተጣሉ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቪክሰልን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሰቡት በቶኪዮ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የነበሩት ኬኒቺ ኢጋ ናቸው። በ1979 የመጀመሪያው በራ፤ ግን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ያውም ብልጭ ድርግም እያለ። በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ የበራው በ1988 ነው። በዳታ ሴንተር ውስጥ አጫጭር ፋይበሮች ላይ መረጃ የሚልከው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአይፎን ኤክስ ስልክ ላይ የሰው ፊት ለመለየት ማገልገል የጀመረው ይኸው ሌዘር ነው።

እና ልጅቷን «አትቀይሪ» አልኳት። የዛሬ ልጆች ቶሎ ትሰለቻላችሁ፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በመጠየቅ ግን ትበልጡናላችሁ፤ እኛ መምህር ፊት አፋችን ይተሳሰር ነበር። ደግሞ ምድጃ ተራ ለማግኘት ወራት የሚያስጠብቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ያልኩትን ተዉትና ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ዕድሜ ይበላል።

የተበላሸውን ግን ጻፉ፣ ከነቀኑ። ስትለቁ ደብተሩ የኩባንያው ነው ከተባላችሁም፣ ለሚተካችሁ ሰው በእጁ እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠይቁ።